ልብህን አደንድን ያለው ማን ነው? ስለ ዝግመተ ለውጥና ስለ ጥንት ፈላስፎች ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ወጣቶች የተቀባበሉት አንድ ጽሑፍ አለ። መልእክቱ ባጭሩ ይህ ነው። የሰው አእምሮ የተሠራው በአደንና በለቀማ ዘመን ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም። ዘመናዊ ኑሮ የሚያስጨንቀን ለእሱ ስላልተፈጠርን ነው። መፍትሔው እንደ ጥንቱ ሰው መኖር ነው። ተፈጥሮ አለቃና ጭፍራ፣ የወንድ ቦታና የሴት ቦታ አበጅታለች። የጥንት ፈላስፎች፣ በተለይ ስቶይኮች የሚባሉት የግሪክና የሮም ፈላስፎች፣ ይህን ሁሉ ከዳርዊን አስቀድመው ደርሰውበታል። ስለዚህ ስሜትህን ዋጥ አድርግ፤ በእጅህ ያልሆነ ነገር አያገባህም፤ የማይጠቅምህን ሰው ከሕይወትህ አስወጣ።

ጸሐፊው ጥሩ ብዕር አላቸው። ሁለት ትልልቅ የእውቀት ዘርፎችን ለዕለት ኑሮ እንዲጠቅሙ አድርገው ለማቅረብ መሞከራቸውም ያስመሰግናቸዋል። እኔም የዝግመተ ለውጥ ሥነ ልቦናንም የጥንት ፍልስፍናንም እወዳለሁ። ዝም ማለት ያልቻልኩት ለዚህ ነው። ጽሑፉን ያነበቡ ልጆች «ሳይንሱም ፍልስፍናውም ልብህን አደንድን ነው የሚለው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሳይንሱ እንደዚያ አላለም። ፈላስፎቹም አላሉም። ነጥብ በነጥብ እሄዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አእምሯችን የድንጋይ ዘመን አእምሮ ነው»

እውነት ካለበት ልጀምር። ይህ ሐሳብ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሊዳ ኮስሚደስና ጆን ቱቢ ከጀሮም ባርኮው ጋር በ1992 ያሳተሙት ሥራ ለዘርፉ መሠረት ጥሏል። በእነሱ አባባል አእምሯችን ቅድመ አያቶቻችንን ደጋግመው የገጠሟቸውን ችግሮች ለመፍታት የተቀረጹ ብዙ መሣሪያዎች አሉት። ከአደጋ መሸሽ፣ አታላይን መለየት፣ አጋር መምረጥ፣ ልጅ ማሳደግ ከእነዚህ ይቆጠራሉ።

ጠንካራ ማስረጃ ያለው ነገርም አለ። በ1980ዎቹ ሱዛን ሚኔካና ባልደረቦቿ ላቦራቶሪ ውስጥ ተወልደው ባደጉ ጦጣዎች ላይ ጥናት አደረጉ። ጦጣዎቹ እባብ አይተው አያውቁም። መጀመሪያ ሲያዩትም አልፈሩም። ሌላ ጦጣ እባብ አይታ ስትደነግጥ የሚያሳይ ቪዲዮ ካዩ በኋላ ግን ወዲያው መፍራት ጀመሩ። ቪዲዮው ተቀነባብሮ ጦጣዋ የደነገጠችው ከአበባ እንዲመስል ሲደረግስ? አበባን መፍራት አልተማሩም።

ይህን ጥናት በጣም እወደዋለሁ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያሳያል። አእምሮ ባዶ ሰሌዳ አይደለም፤ አንዳንዱን ነገር ለመማር ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ግን ፍርሃቱ ራሱ የመጣው በትምህርት ነው። ሌላውን ባያዩ ኖሮ አይፈሩም ነበር። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ግማሽ ወስደው ሁለተኛውን ትተውታል።

«ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም» የሚለው ግን ውሃ አያነሳም። አብዛኛው አጥቢ እንስሳ ጡት ከጣለ በኋላ ወተት የመፍጨት አቅሙ ይደክማል። ሰው ከብት ማርባት ከጀመረ ወዲህ፣ ባለፉት 10,000 ዓመታት ውስጥ፣ በአውሮፓ፣ በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ወተትን ዕድሜ ልክ ለመፍጨት የሚያስችሉ የዘረ መል ለውጦች ለየብቻቸው ተስፋፍተዋል። ይህ የሆድ ጉዳይ እንጂ የአእምሮ አይደለም የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ነገር ግን «10,000 ዓመት ለዝግመተ ለውጥ ምንም አይደለም» የሚለውን ድፍን አባባል ያፈርሰዋል።

ደግሞስ የትኛው ጥንታዊ ሕይወት ነው መመሪያ የሚሆነን? የእኛ ዝርያ ወደ 300,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። በባሕር ዳርቻም፣ በበረሃም፣ በበረዶ አገርም ኖሯል። አንድ ወጥ «የጥንት ኑሮ» አልነበረም።

ጸሐፊው የጥንቱ ሰው ፀሐይ ስትጠልቅ ይተኛና ዘጠኝ፣ አሥር ሰዓት ያሸልብ ነበር ይላሉ። ይህን የለካ ጥናት አለ። በ2015 የወጣው ጥናት በታንዛኒያ የሃድዛ፣ በናሚቢያ የሳን፣ በቦሊቪያ የጺማኔ ሕዝቦችን እንቅልፍ ተከታተለ። በአማካይ በሌሊት የሚተኙት ከ5.7 እስከ 7.1 ሰዓት ነው። የሚተኙትም ፀሐይ ከጠለቀች ከሰዓታት በኋላ ነው። «የጥንቱ ሰው በሳምንት 15 ሰዓት ብቻ ይሠራ ነበር» የሚለውም እንዲሁ ነው። ቁጥሩ በ1960ዎቹ አንትሮፖሎጂስቱ ሪቻርድ ሊ በደቡባዊ አፍሪካ በካላሃሪ በረሃ ካደረገው ጥናት የመጣ ነው። ግን እሱ የቆጠረው ምግብ ፍለጋውን ነበር። ሊ ራሱ በኋላ ምግብ ማዘጋጀቱን፣ መሣሪያ መሥራቱንና የቤት ሥራውን ሲጨምርበት በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ሆነ።

በጽሑፉ ውስጥ ፈጽሞ ያልተነሳ ሌላ ነገር አለ። በአደንና በለቀማ በሚኖሩ ማኅበረሰቦች ከሚወለዱት ልጆች ግማሽ ያህሉ ለአካለ መጠን ሳይደርሱ ይሞቱ ነበር። የዚያን ዘመን እናት ኑሮ «ለሰው የተስማማ» ብሎ ለመጥራት ይህን መርሳት ይጠይቃል።

«ተፈጥሮ አለቃና ጭፍራ አበጅታለች»

ጸሐፊው የተኩላ መንጋን ምሳሌ ያደርጋሉ። «አልፋ» ተኩላ ሌሎቹን በጉልበት አንበርክኮ ይመራል፤ ወንድም እንዲህ መሆን አለበት ይላሉ። ሐሳቡ ሩዶልፍ ሼንከል በ1947 ካወጣው ጥናት የመጣ ነው። የተጠኑት ግን በአጥር ውስጥ በአንድነት የተዘጋባቸው ተኩላዎች ነበሩ። የተኩላ ተመራማሪው ዴቪድ ሚች ሐሳቡን በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው አሰራጨው። ከዚያ በካናዳ ኤልስሜር ደሴት የዱር ተኩላዎችን ለብዙ ዓመታት አብሯቸው ሆኖ ተከታተለ። በ1999 የጻፈው ከቀድሞው የተለየ ነው። የዱር መንጋ በአብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆቻቸው ናቸው። የሚመሩት ወላጆቹ ናቸው፤ ተዋግተው ያሸነፉ ሻምፒዮኖች አይደሉም። ሚች የራሱን የ1970 መጽሐፍ ማተም እንዲያቆም አሳታሚውን እስከ መለመን ደርሷል። ሳይንቲስት ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ወደ ቅርብ ዘመዶቻችን ብንመጣም መልሱ አንድ አይደለም። ቺምፓንዚዎች ውስጥ ወንዶቹ በኃይል ይገዛሉ። ቦኖቦዎች ውስጥ ሴቶቹ ተባብረው ወንዶቹን ልክ ያስገባሉ። ሁለቱም ለእኛ እኩል ቅርብ ናቸው። አንዱን መርጦ «ተፈጥሯችን ይህ ነው» ማለት ምርጫውን ለተፈጥሮ ማላከክ ይሆናል።

ይልቅ ጸሐፊው እንመለስበት የሚሉት የአዳኝና ለቃሚ ኑሮ ራሱ ምን ይነግረናል? ሊ ያጠናቸው የካላሃሪ ሰዎች ዘንድ አንድ አዳኝ ትልቅ ግዳይ ጥሎ ሲመጣ ማንም አያሞግሰውም። «ይህን አጥንት ነው ይዘህ የመጣኸው?» እያሉ ያንቋሽሹበታል። እሱም የጣለውን አሳንሶ መናገር ይጠበቅበታል። ምክንያቱን ሲጠየቁ የሰጡት መልስ ግልጽ ነው። ብዙ ግዳይ የጣለ ወጣት ራሱን አለቃ፣ ሌላውን አገልጋይ አድርጎ ማሰብ ይጀምራል፤ ስለዚህ ልቡን እናበርድለታለን። አንትሮፖሎጂስቱ ክሪስቶፈር ቦም ተመሳሳይ ነገር በብዙ ትናንሽ ማኅበረሰቦች እንዳለ አሳይቷል። ልግዛችሁ የሚለውን ሰው ብዙኃኑ ተባብሮ ያስቀምጠዋል። የጥንቱን ኑሮ መመሪያ እናድርግ ካልን «አልፋ» ልሁን የሚለው ሰው መጀመሪያ የሚወገዘው እዚያ ነው።

ስለ ወንድና ሴት የተባለውን በተመለከተ ጸሐፊው የዴቪድ በስን የ1989 ጥናት ይጠቅሳሉ። ጥናቱ ትልቅ ነው፤ በ37 ባሕሎች ከ10,000 በላይ ሰዎችን አሳትፏል። በአማካይ ወንዶች ለመልክና ለወጣትነት፣ ሴቶች ለገቢ አቅም የበለጠ ክብደት መስጠታቸውን አግኝቷል። ልዩነቱ አለ፤ አልክድም። ነገር ግን ጸሐፊው ያለፉት ውጤት በዚያው ጥናት ውስጥ ተቀምጧል። ወንዶቹም ሴቶቹም ከመልክም ከገቢም በላይ ያስቀደሙት ደግነትንና አስተዋይነትን ነው። አሊስ ኢግሊና ዌንዲ ዉድ ደግሞ በ1999 ያንኑ መረጃ እንደገና ሲመረምሩት፣ ሴቶችና ወንዶች ይበልጥ እኩል በሆኑባቸው ሀገሮች ከልዩነቶቹ አንዳንዶቹ እየጠበቡ ሲሄዱ አዩ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። በክርክር ላይ ያለን ነገር ግን ለ20 ዓመት ልጅ «ሕግ ነው» ብሎ መስጠት ተገቢ አይደለም።

«የጥንት ፈላስፎች ይህን አስቀድመው ደርሰውበታል»

የጽሑፉ ምሰሶ ይህ ነው። እኔም ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ፦ ስቶይኮች «ከተፈጥሮ ጋር ተስማምተህ ኑር» ብለዋል፤ ዝግመተ ለውጥ ደግሞ ተፈጥሯችን ምን እንደሆነ ነግሮናል፤ ሁለቱን ስናገጣጥም መመሪያው ተሟላ።

አይገጣጠሙም። ስቶይሲዝምን የመሠረተው ዜኖ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ አቴንስ ላይ ማስተማር ጀመረ። ለእሱና ለተከታዮቹ ዓለም በሙሉ በመለኮታዊ አእምሮ የሚመራ ሥርዓት ነው። ሁሉም ነገር ዓላማ አለው፤ ዓላማውም መልካም ነው። የሰው ተፈጥሮ ደግሞ ማሰብ ነው። ስለዚህ ከተፈጥሮ ጋር ተስማምቶ መኖር ለእነሱ በማስተዋልና በጽድቅ መኖር ነበር። በደመ ነፍስ የሚመጣውን ግፊት መከተል አልነበረም። እንዲያውም ግፊቱን ቆም ብሎ መመርመርን ነው የሚያስተምሩት።

ዳርዊን በ1859 ያቀረበው ሌላ ዓለም ነው። ተፈጥሯዊ ምርጫ ዓላማ የለውም። ብዙ ዘር የተካው ባሕርይ ይቀጥላል፤ ደግ ይሁን ክፉ ግድ የለውም። ይህ ዳርዊንን ራሱን አስጨንቆታል። በ1860 ለወዳጁ ለአሳ ግሬይ በጻፈው ደብዳቤ አንዳንድ ተርቦች በሕይወት ባለ አባጨጓሬ ሰውነት ውስጥ እያደጉ ከውስጥ እንደሚበሉት ያነሳል። ቸር ፈጣሪ ይህን አስቦ ሠራው ብሎ ራሱን ማሳመን እንዳቃተው ይነግረዋል። አንድ ስቶይክ ይህን ደብዳቤ ቢያነብ ከሥሩ ይቃወመው ነበር።

ይህ ክፍተት አዲስ ግኝት አይደለም። የዳርዊን ዋና ጠበቃ የነበረው ቶማስ ሄንሪ ሃክስሊ በ1893 ኦክስፎርድ ላይ ንግግር ያደረገው በዚሁ ጉዳይ ነው። ስቶይኮችንም የሕንድ ፍልስፍናንም አንስቷል። የደረሰበት መደምደሚያ የማኅበረሰብ ሥነ ምግባር የሚያድገው የተፈጥሮን ሂደት በመኮረጅ ወይም ከሱ በመሸሽ ሳይሆን እሱን በመታገል ነው የሚል ነው። በጊዜው ከእሱ በላይ ዝግመተ ለውጥን የሚያውቅ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር።

ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም ደግሞ ከዚያ በፊት፣ በ1739 እና በ1740 ባሳተመው ሥራ፣ ሰዎች ስለ «ነው» ሲናገሩ ቆይተው ሳይታሰብ «ይገባል» ወደሚለው እንደሚሻገሩ አስተውሏል። መሻገሪያውን ግን አያሳዩም። ጸሐፊውም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ጀርባችን የሚያመን በከፊል በሁለት እግር ለመቆም ዘግይቶ በተስተካከለ አከርካሪ ስለምንሄድ ነው፤ ይህን ማወቅ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል፤ በአራት እግር እንድንሄድ ግን ማንም አያዘንም።

ሌላው ችግር «የጥንት ፈላስፎች» ተብለው በአንድ ከረጢት መከተታቸው ነው። እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ሲከራከሩ የኖሩ ናቸው። ኤፒኩረስ ዓለም ከአተሞች ግጭት የመጣች ናት፣ አማልክት በሰው ጉዳይ አይገቡም ሲል ስቶይኮች በጥብቅ ተቃውመውታል። ለዳርዊን የቀረበ የጥንት ሰው ከተፈለገ በኤፒኩረስ መንደር ነው የሚገኘው። ሮማዊው ተከታዩ ሉክሬቲየስ፣ በአንደኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ምድር መጀመሪያ ብዙ ዓይነት ፍጡራን እንዳወጣች፣ ራሳቸውን መመገብና መራባት ያልቻሉት እንደጠፉ ጽፏል። ይህ ትምህርት ቤት ለመልካም ሕይወት ምን መከረ? ከሁሉ በላይ ጓደኝነትን። ኤፒኩረስ ያስተምርበት የነበረው የአትክልት ቦታ ሴቶችንና ባሪያዎችን ጭምር ይቀበል ነበር። «የማይጠቅምህን ሰው አስወጣ» የሚል ምክር እዚያ አይገኝም።

አሪስቶትል ደግሞ አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ባሪያ ናቸው ብሎ ተከራክሯል። ሴቶች ከወንዶች ያነሰ ጥርስ አላቸው ብሎም ጽፏል። ይህን የማነሳው ታላቁን ሰው ለማዋረድ አይደለም፤ ስለ ጓደኝነትና ስለ መልካም ልማድ የጻፈው ዛሬም ያበራል። ነገር ግን በዘመኑ ያየውን ሥርዓት «ተፈጥሮ» ብሎ የጠራ ሊቅ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ያሳየናል። እኛም ከዚህ አደጋ አላመለጥንም።

ታዲያ ሁለቱ ዘርፎች በፍጹም አብረው አይሠሩም? ይሠራሉ፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። ቁጣን እንውሰድ። ሰው ሲንቀን ደማችን ወዲያው የሚፈላው ለምንድን ነው? በትንሽ ቡድን ውስጥ ለሚኖር ፍጡር ክብርን ማጣት ምግብንና ደኅንነትን ማጣት ሊሆን ይችል ነበር የሚለው አሳማኝ መላምት ነው። ይህ ቁጣውን ያስረዳል። መቆጣት ይገባኛል ወይ የሚለውን ግን አይመልስም። ሮማዊው ስቶይክ ሴኔካ ስለ ቁጣ በጻፈው ሥራ የሚሰጠው ዋና መድኃኒት መዘግየት ነው። ቆይ፤ ከዚያ ፍረድ። የመጀመሪያው ግፊቱ ከየት እንደመጣ በማወቅ ራሴን ከመጥላት ያድነኛል። ሁለተኛው ግፊቱን ሳልታዘዝ እንድቆም ጊዜ ይሰጠኛል። በመሃል የሚፈርደው ግን ሰውዬው ራሱ ነው። ጸሐፊው የዘለሉት ይህን ሰውዬ ነው።

«ስሜትህን ዋጥ አድርግ»

በስቶይኮች ስም ከሚነገሩ ነገሮች ሁሉ በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ምክንያቱም ሰው ይጎዳል።

አውሉስ ጌሊየስ የተባለ ሮማዊ ጸሐፊ አንድ ገጠመኝ ትቶልናል። በመርከብ ሲጓዝ ከባድ ማዕበል ተነሳ። አብሮት አንድ ዝነኛ ስቶይክ ነበር። ማዕበሉ ሲበረታ ፈላስፋውም እንደ ሌላው ሁሉ ፊቱ ገረጣ። ባሕሩ ጸጥ ካለ በኋላ አንድ ሀብታም ተሳፋሪ መጥቶ አፌዘበት። ጌሊየስ ግን በቅንነት ጠየቀው። ፈላስፋው ከጓዙ የታዋቂውን የስቶይክ መምህር የኤፒክቴተስን መጽሐፍ አውጥቶ ሰጠው። እዚያ ውስጥ ያለው መልስ ይህ ነው፦ ድንገተኛ ነገር ሲመጣ ጠቢቡም ይደነግጣል፣ ይገረጣል፤ ይህ በሰው ፈቃድ የሚሆን አይደለም። ጠቢቡ የሚለየው ድንጋጤው የሚነግረውን «ይህ የመጨረሻው ክፉ ነገር ነው» የሚል ፍርድ ባለመቀበሉ ነው። ሴኔካም ተመሳሳይ ነገር ጽፏል። የመጀመሪያው መንቀጥቀጥ፣ እንባው፣ መቅላቱ ገና ስሜት አይባልም። ስቶይኮች ደግሞ ጠቢብ ሰው ሊኖሩት የሚገቡ መልካም ስሜቶች አሉ ብለው ያስተምሩ ነበር፤ ደስታ አንዱ ነው።

በኋላ የሮም ንጉሠ ነገሥት ስለሆነው ስቶይክ ስለ ማርከስ ኦሬሊየስም የሚተረክ አለ። አሳዳጊ መምህሩ ሲሞት አለቀሰ። የቤተ መንግሥት ሰዎች ሊያስቆሙት ሲሞክሩ አሳዳጊ አባቱ ንጉሠ ነገሥት አንቶኒነስ «ተውት፣ ሰው ይሁን» አላቸው። ፍልስፍናም ሆነ ዙፋን ስሜትን አያጠፋም ማለቱ ነበር።

ዘመናዊ ሳይንሱስ? ጄምስ ግሮስ በ1998 ባወጣው ጥናት ተሳታፊዎች የሚያስጠላ የቀዶ ሕክምና ፊልም እንዲያዩ አደረገ። አንዱ ቡድን ስሜቱን ፊቱ ላይ እንዳያሳይ ታዘዘ። ሌላው ፊልሙን በሌላ ዓይን፣ እንደ ሕክምና ጉዳይ እንዲያየው ተነገረው። ሦስተኛው ዝም ብሎ አየ። ስሜታቸውን የደበቁት ፊታቸው ጸጥ አለ፤ በውስጣቸው የተሰማቸው የመጸየፍ ስሜት ግን አልቀነሰም፤ ሰውነታቸውም የበለጠ ተወጠረ። ነገሩን በሌላ ዓይን ያዩት ግን የተሰማቸው ስሜት ራሱ ቀነሰ።

ኤፒክቴተስ ያስተማረው ሁለተኛውን ነው። ሰዎችን የሚያውካቸው ነገሩ ራሱ ሳይሆን ስለ ነገሩ ያላቸው ፍርድ ነው ይላል። አልበርት ኤሊስና አሮን ቤክ በሃያኛው መቶ ዘመን የሥነ ልቦና ሕክምናቸውን ሲቀርጹ ለስቶይኮች ባለዕዳ መሆናቸውን በግልጽ ተናግረዋል። ያ ሕክምና ለድብርትና ለጭንቀት እንደሚረዳ በብዙ ሙከራ ታይቷል። ሰውዬው የሚያስበውንና የሚሰማውን አውጥቶ ይናገራል፤ ከዚያ ሐሳቡ እውነት መሆኑን ይመረምራል። ሳይናገሩ ምርመራ የለም። «ዋጥ አድርግ» የተባለ ወጣት ግን መጀመሪያ የሚያጣው መናገሩን ነው።

«በእጅህ ያልሆነ ነገር አያገባህም»

ኤፒክቴተስ በእጃችን ያለውንና የሌለውን መለየቱ እውነት ነው። ፍርዳችን፣ ፍላጎታችን፣ የምንሸሸው ነገር በእጃችን ናቸው። ሰውነት፣ ንብረት፣ ዝና፣ ሹመት በእጃችን አይደሉም። ባሪያ ሆኖ የኖረ ሰው ነውና ይህን ሲል ያውቀዋል። ግን «በእጅህ አይደለም» እና «አያገባህም» የተለያዩ ናቸው። ያው ኤፒክቴተስ የዜግነት፣ የልጅነት፣ የወንድምነት ግዴታህን አስብ ይላል። ለአብነት የሚያነሳው ሄልቪዲየስ ፕሪስከስ የተባለውን የሮም ምክር ቤት አባል ነው።

ንጉሠ ነገሥት ቬስፓሲያን ምክር ቤት እንዳይመጣ መልእክት ላከበት። ሄልቪዲየስ ከአባልነት ልታስወጣኝ ትችላለህ፤ አባል እስከሆንኩ ድረስ ግን መምጣት አለብኝ አለ። እሺ፣ ና፤ ግን ዝም በል ተባለ። አትጠይቀኝና ዝም እላለሁ አለ። መጠየቅማ ግዴታዬ ነው ሲለው፣ እኔም ትክክል የመሰለኝን መናገር ግዴታዬ ነው ብሎ መለሰ። ከተናገርክ እገድልሃለሁ አለው ንጉሠ ነገሥቱ። አልሞትም ያልኩህ መቼ ነው? አንተ የአንተን ታደርጋለህ፣ እኔ የእኔን። በመጨረሻም ተገደለ። በእጁ ያለውና የሌለው መለየቱ ይህን ሰው ከአደባባይ አላስሸሸውም፤ አደባባይ ላይ አቆመው እንጂ።

ማርከስ ኦሬሊየስም ከ161 እስከ 180 የነገሠው በወረርሽኝና በጦርነት መሃል ነው። በግል ማስታወሻው ላይ ለራሱ ደጋግሞ የሚያሳስበው እንደ እግርና እንደ እጅ ለመተጋገዝ መፈጠራችንን ነው። ለቀፎው የማይበጅ ለንቧም አይበጃትም ይላል። ሌላው ስቶይክ ሂሮክለስ ሰው ራሱን መሃል አድርጎ የተደራረቡ ክቦችን እንዲያስብ ይመክራል፦ ቤተሰብ፣ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የአገር ሰው፣ መላው የሰው ዘር። ሥራው የውጪውን ክብ ወደ ውስጥ መሳብ ነው። ጸሐፊው የሚመክሩት የውስጡን ሰው ወደ ውጪ መግፋት ነው።

«ከ150 ሰው በላይ አንችልም፤ የቀረውን ቁረጥ»

የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪው ሮቢን ደንባር በ1990ዎቹ ሰው የተረጋጋ ግንኙነት ሊይዝ የሚችለው ከ150 ያህል ሰው ጋር ነው የሚለውን ቁጥር ያገኘው የጦጣ ዝርያዎችን አንጎልና የቡድን መጠን አነጻጽሮ ነው። በ2021 የስቶክሆልም ተመራማሪዎች ስሌቱን በተሻሻለ መረጃ ሲደግሙት አንዱ ዘዴ ከ4 እስከ 520 የሚደርስ ክልል ሰጣቸው። በዚህ ቁጥር ተመርቶ ጓደኛ መቁረጥ አይቻልም።

«ደስታ ሁልጊዜ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ሁኔታህን ለማሻሻል አትድከም»

ይህ ሐሳብ የሚያርፈው ፊሊፕ ብሪክማንና ባልደረቦቹ በ1978 ባወጡት ጥናት ላይ ነው። ጥናቱ 22 የሎተሪ ባለዕድሎችንና በአደጋ አካላቸው ሽባ የሆነ 29 ሰዎችን ያካተተ ነው። ትንሽ ጥናት ነው። ሽባ የሆኑት ሰዎች ደግሞ ከሌሎቹ ያነሰ ደስተኞች ነበሩ፤ ይህ ሲተረክ ይቀራል። በ2020 በስዊድን ሎተሪ ባለዕድሎች ላይ የታተመው ሰፊ ጥናት ትልቅ ገንዘብ ያገኙ ሰዎች ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶም በሕይወታቸው ያላቸው እርካታ ከፍ ብሎ እንደቆየ አሳይቷል። ሥራ ማጣትም በብዙዎች ላይ ጠባሳ ይተዋል። ሰው ለብዙ ነገር ይለምዳል፤ ለሁሉም ግን አይለምድም። ተርቦ ለሚያድር ሰው «ትለምደዋለህ» ማለት ከፍልስፍና አይቆጠርም።

ጸሐፊው በቀጣዩ ክፍል ስለ ልጅ አስተዳደግ እንደሚጽፉ ቃል ገብተዋል። «ልጅ በተፈጥሮ የእናት ሥራ ነው» የሚል ፍንጭም ሰጥተዋል። ከመጻፋቸው በፊት ሁለት ሰዎችን እንዲያነቡ በአክብሮት እጠይቃቸዋለሁ። አንዷ ሳራ ሃርዲ ናት። የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪ ናት፤ በ2009 ባሳተመችው ሥራ የሰው ልጅ ያለ ብዙ አሳዳጊ ሊያድግ እንደማይችል፣ አያት፣ አክስት፣ አባትና ታላላቅ ልጆች ሁሉ ሸክሙን የሚካፈሉበት ዝርያ መሆናችንን ትከራከራለች። ክሪስተን ሆክስም ከሃድዛ ሴት አያቶች ጋር ሆና ያየችው ይህንኑ ይደግፋል፤ ሥራ ሥር ቆፍረው የልጅ ልጆቻቸውን የሚመግቡት እነሱ ናቸው። ሌላው የኤፒክቴተስ መምህር የነበረው ሙሶኒየስ ሩፉስ ነው። በአንደኛው መቶ ዘመን ሴቶች ልጆች እንደ ወንዶቹ አንድ ዓይነት ትምህርት ያግኙ፣ ሴቶችም ፍልስፍና ይማሩ ብሎ አስተምሯል፤ ምክንያቱም ማስተዋልና በጎነትን የመውደድ ዝንባሌ ለሁለቱም እኩል ተሰጥቷል ይላል። እነዚህን ካነበቡ በኋላ የሚጽፉትን ክፍል በጉጉት እጠብቃለሁ።